ጅቡ ሳይሄድ መጮህ፦ ለሰፈራችን የትኛው የአውሮፓ አገር መንገድ ይሻላል?

ባለፈው ኅዳር ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር፣ የመጣ ወረቀት አገኘሁ። «የሰፈራችሁን ጸጥታ አብረን በእግር እየዞርን እንይ» ይላል። ስዊድን ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። ነዋሪው፣ ፖሊሱ፣ የኮሙኑ ሠራተኛና የአከራዩ ድርጅት ተወካይ በጨለማ አብረው ይዞራሉ። የሚያስፈራ ቦታ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ አንዱ ይጽፋል።

ከመሄዴ በፊት ሕንፃችን ላይ ያሉትን አበሾች ምን ልበል ብዬ ጠየቅኩ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ «ካሜራ አስተክል፤ ሌላው ወሬ ነው» አሉኝ። ከሳቸው ፊት ለፊት የምትኖረው እህታችን «የምን ካሜራ! ፖሊስ እዚሁ ይቀመጥልን እንጂ» አለች። ሁለት ወንዶች ልጆች የምታሳድግ አንዲት እናት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጆቹ ማታ የሚሄዱበት ቦታ ቢኖር ነው የሚሻለው» አለችኝ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፖሊሲ። የሚገርመው ሦስቱም አውሮፓ ውስጥ ተሞክረዋል፤ አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ገንዘብ በልቶ ቀርቷል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። ወንጀልን ቀድሞ መከላከል ማለት ውሻው በሰዓቱ እንዲጮህ ማድረግ ነው። ይህን የጻፍኩት በየአገሩ በማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ለምትቀመጡ፣ ወይም እንደኔ ወረቀት ደርሷችሁ ምን እንደምትጠይቁ ግራ ለገባችሁ ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። «የትኛው አገር ነው ሰላሙ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የአገሮች የወንጀል ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ያሳስታል። ስዊድን ለምሳሌ አንዲት ሴት ባሏ ለወራት ደጋግሞ ደፈረኝ ብላ ብታመለክት እያንዳንዱን ድርጊት ለየብቻ ትቆጥራለች። ሌላ አገር ያንኑ አንድ ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ ሁለቱን ቁጥር አንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ የሚጮህ አይጠፋም። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የኛ ሰፈር ችግር ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ቤት ይሰበራል? ልጆች በስለት ይወጋጋሉ? ወይስ ምንም ሳይደርስ ሰው ብቻ ይፈራል? መልሱ ሲለያይ የምንመለከተው አገርም ይለያያል።

ቤት የሚሰበር ከሆነ

እዚህ ላይ ኔዘርላንድን የሚስተካከል አላገኘሁም። ከ1999 ጀምሮ እዚያ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ በሩና መስኮቱ ሰባሪን የሚቋቋም እንዲሆን የሕንፃ ሕጉ ያስገድዳል። ከዚያ በፊትም ፖሊስ ለቤቶች የሚሰጠው የጥራት ማረጋገጫ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። አብዛኛው ሌባ ካቻቪቴ ወይም ትንሽ ፌሮ ይዞ የሚመጣ እንጂ ፊልም ላይ እንደምናየው ባለሙያ አይደለም። ቁልፉና ማጠፊያው 3 ደቂቃ ከታገለው ትቶ ይሄዳል። 3 ደቂቃ አጭር ይመስላል። የሰው በር ላይ ቆሞ ለሚታገል ሰው ግን ረጅም ነው።

ውጤቱ ተለክቷል። ከሕጉ በኋላ በተሠሩ ቤቶች ላይ የሚደርሰው ስርቆት በ26 በመቶ ቀንሷል። ማንም አልታሰረም፤ ማንም አልተሰበከም። ማጠፊያ ነው የተቀየረው። ፖለቲከኛ ደግሞ ማጠፊያ አስቀየርኩ ብሎ ምርጫ አይወዳደርም። ይህ መንገድ ብዙ የማይወራለት ለዚህ ይመስለኛል።

ጉድለት አለው። ሕጉ የሚነካው አዲስ ቤት ነው። አብዛኞቻችን የምንኖረው ደግሞ አሮጌ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። በሩም የኛ አይደለም። ጀርመን እዚህ ላይ ትረዳለች። በየከተማው ፖሊስ የምክር ማዕከል አለው፤ ባለሙያው ያለ ክፍያ ያማክራችኋል። በርና መስኮት ለሚያጠናክርም መንግሥት በልማት ባንኩ በኩል ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። በ2015 ጀርመን ውስጥ 167,136 የቤት ስርቆት ተመዝግቦ ነበር። በ2021 ወደ 54,236 ወረደ። እርግጥ ያኔ ኮሮና ነበር፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው የዋለው። ከዚያ በኋላም ወደ ላይ ተመልሷል። ግን ቅነሳው ኮሮና ሳይመጣ በፊት ነው የጀመረው። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ከተሞከረው ስርቆት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሙከራ ሆኖ ይቀራል። ሌባው በሩ ላይ ታግሎ አቅቶት ሄዷል ማለት ነው።

ሌላው የምወደው ታሪክ የእንግሊዝ ነው፤ ያረጀ ቢሆንም ትምህርቱ አላረጀም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከማንችስተር አጠገብ ሮችዴል ውስጥ ኪርክሆልት የሚባል የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነበር። ቤት መሰበር የየቀኑ ወሬ ነበር። ሰዎች ቁጭ ብለው መዝገቡን ሲያዩት ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ ሌቦቹ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ከመብራትና ከጋዝ ቆጣሪው ውስጥ ያለውን ሳንቲም ነው። ያኔ ቆጣሪው ሳንቲም እየተጨመረበት ነበር የሚሠራው፤ እያንዳንዱ ድሃ ቤት ውስጥ በሌላ አነጋገር ትንሽ ካዝና ነበር። ሁለተኛው፣ አንዴ የተሰበረ ቤት ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይሰበራል። ሌባው መንገዱን አውቆታላ!

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረጉ። የሳንቲም ቆጣሪውን ነቅለው በሌላ ቀየሩት። ከዚያ ቤት ሲሰበር በዙሪያው ያሉ አምስት ስድስት ጎረቤቶች ያንን ቤት ብቻ እንዲያዩ አስማሙ። ሰፈሩን በሙሉ ጠብቁ አላሉም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስርቆቱ 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከዚህ የወሰድኩት ነገር አለ፦ ቤቱ የተሰበረበት ጎረቤት ካለ ያን ሳምንት ቡና ጠጥታችሁ ብቻ አትለያዩ። ቀጣዩ አደጋ ያለው እዚያው በር ላይ ነው።

የጎረቤት ጥበቃ ሲባል አሁን ሁሉም የሚያስበው ዋትስአፕ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ በየመንገዱ መግቢያ «ይህ ሰፈር የዋትስአፕ ጥበቃ አለው» የሚል ምልክት ታያላችሁ። ሥርዓትም አበጅተውለታል፦ መጀመሪያ አስተውል፣ ቀጥሎ 112 ደውል፣ ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ሳትጋፈጥ አንድ ነገር አድርግ። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ብዙ ግሩፕ ይህን ይገለብጠዋል። በግልጽ ልናገር፤ የኛ ቆዳ ያለው ሰው እንዲህ ባለ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል። አንድም ጻፊ ነው፤ አንድም «አንድ የማላውቀው ጥቁር ሰውዬ ደጃፉ ላይ ቆሟል» ተብሎ የሚጻፍበት ነው። ሰውዬው ምናልባት የአክስቱን ቤት ቁጥር እየፈለገ ነው። ሰፈራችሁ ግሩፕ የሚከፍት ከሆነ «ሰውን ሳይሆን ድርጊቱን ጻፉ» የሚለው ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ።

ስለት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ

ለንደን ያሉ ወላጆች ይህን ክፍል ሳይጨርሱ እንደማይነሱ አውቃለሁ። ግን ታሪኩ ከለንደን አይጀምርም፤ ከግላስጎው ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው የአውሮፓ የግድያ ዋና ከተማ እየተባለች ነበር የምትጠራው። ወጣቶች በሰፈር ተቧድነው በቢላ ይተራረዱ ነበር። ከአንዱ ጆሮ እስከ አፍ ጥግ የሚደርስ ጠባሳ የተለመደ ነገር ነበር። ፖሊስ ያስር ነበር። ሐኪሞች ይሰፉ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያው።

በ2005 በአካባቢው ፖሊስ ውስጥ የዓመፅ ቅነሳ ክፍል ተቋቋመ። ካረን ማክላስኪና ጆን ካርኖካን ናቸው ያቆሙት። እሷ በነርስነት ጀምራ ወደ ፖሊስ የገባች ተንታኝ ነበረች፤ እሱ የግድያ መርማሪ። ዓመፅን እንደ በሽታ እንየው አሉ። በሽታ ይተላለፋል፤ ማን ከማን እንደተያዘ ይታወቃል፤ ክትባትም ሊገኝለት ይችላል። በ2006 ሥራው መላ ስኮትላንድን የሚሸፍን ሆነ።

አንዱን ሥራቸውን ጠጋ ብለን እንየው። ሐሳቡን ከቦስተንና ከሲንሲናቲ ነው ያመጡት። ከ2008 ጀምሮ የቡድን አባላት የሆኑ ወጣቶችን ፍርድ ቤት ይጠሯቸዋል። ለክስ አይደለም። ዳኛው በሥርዓቱ ችሎቱን ይከፍታል። መጀመሪያ ፖሊሱ ይነሳና «ማን እንደሆናችሁ፣ ከማን ጋር እንደምትውሉ እናውቃለን፤ ከመካከላችሁ አንዱ ቢያጠፋ ቡድኑን በሙሉ ነው የምንመጣበት» ይላል። ቀጥሎ ፊት የሚሰፋ ሐኪም ያየውን ይናገራል። ከዚያ ልጇን በቢላ ያጣች እናት ትነሳለች። ጠንካራ ነኝ የሚለው ሁሉ እዚህ ላይ ነው አንገቱን የሚደፋው። እዚህ ግን አይቆምም። በመጨረሻ ስልክ ቁጥር ይሰጣቸዋል። «መውጣት የፈለገ ይደውል፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ የሱስ ሕክምና፣ የሚያስፈልገውን እናመቻቻለን።»

ማስፈራሪያና የተዘረጋ እጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማለት ነው። ሌሎች ከተሞች ሲቀዱት ብዙ ጊዜ አንዱን ይጥላሉ። ፖሊሱን ወስደው ስልክ ቁጥሩን ይረሳሉ፤ ወይም ስልኩ ይደወላል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

ውጤቱስ? ስኮትላንድ ውስጥ በ2004-05 ከ130 በላይ ሰው ተገድሏል። በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ60 በታች ነው። በመካከሉ ግን ሌላም ነገር ተደርጓል። ስለት ይዞ መገኘት የሚያስከትለው ከፍተኛ ቅጣት ከ2 ዓመት ወደ 4፣ በኋላም ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሏል። የወጣቱ አዋዋልም ተቀይሯል። ፍርድ ቤት የተጠሩትን ወጣቶች የተከታተለው ጥናት ስለት መያዝ በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል፤ ድብደባውና ዓመፁ ግን ካልተጠሩት ብዙ አልተለየም። ሁሉንም በአንድ ስብሰባ ያመጣነው ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ያጋንናል። እኔን የሚገርመኝ ግን መጽናታቸው ነው። ከ20 ዓመት በኋላም ክፍሉ አለ። ዛሬ ደግሞ አንዳንድ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከዚያው ሕይወት የወጡ ሰዎች ተቀምጠው ተወግቶ የመጣውን ልጅ አልጋው አጠገብ ያነጋግሩታል። ያ ሰዓት ልጁ የሚሰማበት ሰዓት ነው።

ከግላስጎው የረከሰና የቀለለ የምትሹ ካላችሁ ወደ ዌልስ፣ ወደ ካርዲፍ ሂዱ። ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ተደብድበው ሆስፒታል ከሚመጡት ውስጥ ብዙው ፖሊስ ጋር አይታወቅም። የተመታ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል እንጂ ሁልጊዜ ጣቢያ አይሄድም። ስለዚህ በሽተኛውን በምትመዘግበው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ላይ ሦስት ጥያቄ ተጨመረ፦ የት? መቼ? በምን? ስም አይጻፍም። ያ መረጃ በየጊዜው ለፖሊስና ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ይሄዳል። ከዚያ አንዱ መጠጥ ቤት በር ላይ ሁልጊዜ ቅዳሜ ሌሊት ጠብ እንዳለ ይታያል፤ ፖሊስ እዚያ ይቆማል፤ የመስታወት ብርጭቆው በማይሰበር ይቀየራል። በ2011 የታተመ ጥናት ካርዲፍን ከሚመስሏት ከተሞች ጋር አነጻጽሮ በዓመፅ ምክንያት ሆስፒታል የሚተኛው ሰው በ42 በመቶ ያህል አንሶ አግኝቶታል። ለአንዲት የመዝገብ ሠራተኛ ሦስት መስመር የጨመረ ሥራ ነው እንግዲህ! የትም አገር ብትሆኑ ስብሰባ ላይ «ድንገተኛ ክፍሉ ለናንተ ቁጥር ይልካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊታቸው ላይ መልሱን ታገኛላችሁ።

ስዊድን ዘግይታ ነው የመጣችው። በ2022 በጥይት 62 ሰው ሞተ፤ በ2023 53። የማልሞ ከተማ ከ2018 ጀምሮ የግላስጎውን ዓይነት ጥሪ ሞክራለች፤ ተኩሱም ቀንሷል። ከቅነሳው ምን ያህሉ ከዚያ ሥራ እንደመጣ መለየት ግን ቀላል አልሆነም። የስዊድን ፈተና ሌላ ነው። እዚህ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል ሳይጠየቅ ነው የቆየው። ጋንጎቹም ይህን ስላወቁ ልጆችን በስልክ መተግበሪያ ይመለምላሉ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ አይቶት የማያውቀው ሰው የላከለትን ሥራ ይሠራል። ይህን የበር ቁልፍም ካሜራም አይመልሰውም። ወደ ልጆቹ እንሂድ።

ልጃችሁ መንገድ እየሳተ ከሆነ

መጀመሪያ የማይወራውን እናውራው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤቱ ሲደውል የምንደነግጠው «ሶሻሎች (የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች) ልጄን ይወስዱብኛል» ብለን ነው። ስለዚህ እንደብቃለን። ልጁ ሲታሰር ነው ሁሉም የሚያውቀው። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ ግን አገሮቹ በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስትመርጡ ወይም ስትጠይቁ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ዴንማርክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትምህርት ቤት፣ ማኅበራዊ አገልግሎትና ፖሊስ አንድ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት አላት። የሦስቱን የመጀመሪያ ፊደል ይዘው ኤስኤስፒ ይሉታል። መምህሩ ያየውን፣ ፖሊሱ የሰማውን፣ ሶሻሉ የሚያውቀውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያወጡታል። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ነው የሚጀምረው። ጥሩ ነው። ከ2019 ወዲህ ግን ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን የሚያይ የወጣት ወንጀል ቦርድ ጨምረዋል፤ ዳኛ ይመራዋል፣ የሚወስነውም አስገዳጅ ነው። ለስላሳውና ጠንካራው ጎን ለጎን ቆመዋል።

ፊንላንድ ያላት «አንከር» ይባላል፤ መልሕቅ ማለት ነው። በ2004 ሃሜንሊና በምትባል ከተማ ተጀመረ። አንድ ፖሊስ፣ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስና አንድ የወጣቶች ሠራተኛ በአንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራሉ። ልጁ ሱቅ ውስጥ ቸኮሌት ሰርቆ ሲያዝ ወላጁና ልጁ ይጠራሉ፤ ቸኮሌቱ ላይ ብቻ አይደለም ወሬው። እንቅልፉስ? ቤት ውስጥስ? ጓደኛው ማን ነው? በኔ ዓይን ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ምክንያቴ ተራ ነው፦ ወላጅ አራት ቢሮ ለአራት ጊዜ ታሪኩን አይደግምም። እኛ ደግሞ በተሰባበረ ቋንቋ፣ አንዳንዴም ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርገን ነው የምንደግመው።

ኔዘርላንድ «ሃልት» የምትለው አላት፤ በ1981 ሮተርዳም ውስጥ ነው የተጀመረው። ለቀላል ጥፋት ነው። ትራም ላይ ቀለም የረጨ ልጅ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይሠራል፣ ጉዳቱን ይክሳል። ከጨረሰ የወንጀል መዝገብ አይከፈትበትም። ልጃችሁ ነገ ሥራ ሲፈልግ የመዝገቡን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚረክሰው የኖርዌይ ነው። «የሌሊት ቁራዎች» ይሏቸዋል። በ1990 ኦስሎ ውስጥ ነው የጀመሩት። ተራ ወላጆች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ወጣት የሚበዛበት ይዞራሉ። ጠብ ውስጥ አይገቡም፤ አይሰብኩም፤ ይታያሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ የሰከረውን አውቶቡስ ያሳፍራሉ። ስዊድንም ተመሳሳዩ አለ። አንድ የኛ ማኅበር አባቶቹን በተራ ለማስወጣት ሲሞክር አይቻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 11 ሰው መጣ፤ በአምስተኛው ሁለት። የሚከብደው ቢጫውን ሰደርያ መልበስ አይደለም፤ ጥር ላይ መልበስ ነው።

ፖሊስ ይብዛ ለምትሉ

የፈረንሳይን ታሪክ ስሙ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጠቅላይ ሚኒስትር ዢስፓን መንግሥት «የቅርበት ፖሊስ» የሚል ነገር ጀመረ። ፖሊሱ ሰፈር ውስጥ በእግሩ ይሄዳል፣ ሰው በስሙ ያውቀዋል። በ2003 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሳርኮዚ ቱሉዝ ሄዶ ካሜራ ፊት ፖሊሶቹን ወቀሰ። ስፖርት ማዘጋጀት የናንተ ሥራ አይደለም፣ ማሰር ነው የናንተ ሥራ አለ። ፕሮግራሙም ቀረ። በ2005 መጸው ከፖሊስ ሸሽተው የኤሌክትሪክ ጣቢያ የገቡ ሁለት ልጆች ፓሪስ አጠገብ ክሊሺ ሱ ቧ ውስጥ ሞቱ፤ አገሩ ለሦስት ሳምንት ነደደ። አንዱ ሌላውን አመጣ አልልም። ግን ያኔ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰውም የሚያውቀው ፖሊስ ቢኖር ኖሮ ብሎ ያልጠየቀ የለም። በ2018 ደግሞ በሌላ ስም አንድ ተመሳሳይ ነገር ተመለሰ። ሰፈር የፖሊስን ፊት ለመልመድ ዓመታት ይፈልጋል፤ ሚኒስትር ደግሞ ዓመታት የለውም።

እንግሊዝም ከ2002 በኋላ የሰፈር ረዳት ፖሊሶችን አብዝታ ነበር። በጀት ሲቆረጥ ቁጥራቸው ወደ ግማሽ ወረደ። ኔዘርላንድ ግን በሕግ አስቀምጣዋለች፦ ለ5,000 ነዋሪ ቢያንስ አንድ የሰፈር ፖሊስ። ስለዚህ እህታችን «ፖሊስ ይቀመጥልን» ስትል ልክ ናት፤ ጥያቄው «ስንት?» ከሚለው ይልቅ «ያው ሰው ስንት ዓመት ይቆያል?» ቢሆን ይሻላል።

ሰፈሩ ላይ ስም ሲወጣ

ዴንማርክ በ2018 ያወጣችው ሕግ አለ። በመንግሥት ኪራይ ቤቶች የተሞላ ሰፈር ከግማሽ በላይ ነዋሪው «ምዕራባዊ ካልሆነ» አገር የመጣ ወይም የመጣ ሰው ልጅ ከሆነና በሥራ፣ በትምህርት፣ በገቢና በወንጀል ከወጡት አራት መስፈርቶች ቢያንስ በሁለቱ ከወደቀ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ልጆች ከአንድ ዓመታቸው ጀምሮ በሳምንት 25 ሰዓት መዋያ መዋል ግዴታ ሊሆንባቸው ይችላል። ፖሊስ በሚከልለው ዞን ውስጥ ለአንዳንድ ወንጀሎች ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። ሰፈሩ በዝርዝሩ ላይ ከቆየ ለቤተሰብ የሚከራዩት የመንግሥት ቤቶች ድርሻ በ2030 ወደ 40 በመቶ እንዲወርድ ይደረጋል። ኮፐንሃገን ውስጥ ምዮልነርፓርከን የሚባለው ሰፈር ነዋሪዎች መንግሥትን ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ሰው ጎረቤቱ የት ተወለደ በሚል ቤቱን ሊያጣ ነው። እኔ ይህን መንገድ አልመርጥም፤ ደጋፊዎቹ ለዘብተኝነት ለ30 ዓመት ተሞክሮ አልሠራም የሚሉትን ግን እሰማለሁ።

ስዊድንም «ተጋላጭ ሰፈሮች» የሚል የፖሊስ ዝርዝር አላት፤ በ2023 59 ነበሩ። ልዩነቱ ይህ ዝርዝር በራሱ ቅጣት አያከብድም፤ ፖሊስ ጉልበቱን የት እንደሚያውል ነው የሚያሳየው። ግን ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ፖሊስ ለተወሰነ ጊዜ የጸጥታ ዞን አውጆ በግል ያልተጠረጠረን ሰው መፈተሽ ይችላል። እንግሊዝ ይህን ዓይነቱን ሥልጣን ከያዘች ሰነበተች፤ ጥቁር ወጣቶች ከነጮች በብዙ እጥፍ እንደሚፈተሹ የመንግሥት ቁጥሩ ራሱ ያሳያል። ልጃችሁ ሊገጥመው የሚችል ነገር ስለሆነ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

ካሜራና መብራት

ጋሼን ላለማስቀየም አጭር አደርገዋለሁ። የ40 ዓመት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ካሜራ ከሁሉ ይልቅ የረዳው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ሰው ሲደባደብ ብዙም አያስቆምም፤ በኋላ ማን እንደነበር ለማወቅ ሊረዳ ይችላል። መብራት ይሻላል፤ በብዙ ጥናት ወንጀልን በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ካውንስሎች ገንዘብ ለመቆጠብ የሌሊት መብራት ሲያጠፉ ወንጀል ሲጨምር አልታየም። ስለዚህ «የትም ይብራ» ሳይሆን «እዚህ ጋ ይብራ» ነው።

ሕንፃው ደረጃ ላይ መርፌ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ፖርቱጋልን አንብቡ። ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 10 ቀን የሚሆን ዕፅ የያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ትንሽ ኮሚሽን ነው የሚሄደው። መሸጥ አሁንም ወንጀል ነው። ሰዎች ይህን ሁለተኛውን እየረሱ ነው የሚከራከሩት።

ስብሰባው ላይ የምትጠይቁት

ስዊድን ያላችሁ፣ ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ኮሙን ሁሉ የአካባቢውን የወንጀል ሁኔታ አጥንቶ የሥራ ዕቅድ እንዲያወጣ በሕግ ታዟል። ጥናቱን አሳዩን በሉ። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ከ1998ቱ ሕግ ጀምሮ ፖሊስና ካውንስል አብረው የሚሠሩበት የአካባቢ ጥምረት አለ፤ ማን እንደሚመራው ጠይቁ። ፈረንሳይ ከንቲባውን፣ ኔዘርላንድም ቡርጎማስተር የሚሉትን ከንቲባ ያዙ፤ ሁለቱም በሕግ ኃላፊነት አለባቸው። የትም ብትሆኑ ግን እነዚህን ሦስት ጠይቁ፦ ችግሩ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው በር ነው? የጀመራችሁት ነገር በጀቱ እስከ መቼ ነው? መሥራት አለመሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰምቶ የሚመልስ ኃላፊ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የኛ ዙር እንዴት ሆነ? አሥራ አራት ሰው ነበርን። ከባቡር ጣቢያው ወደ ሕንፃው የሚያሻግረው ዋሻ ጋ ስንደርስ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ምርኩዛቸውን አቁመው «እዚህ ጋ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ መስዬ ነው የማልፈው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁላችንም እንደዚያ እንደምናደርግ ተናገርን። ዋሻው ውስጥ ካሉት አራት መብራቶች ሦስቱ ጠፍተዋል። እኔ ሁለት ነገር አስጻፍኩ፦ መብራቱን፣ እና ሁልጊዜ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት የሚውለውን የሕንፃችንን በር። የልጆቹን ቦታ ያቺ እናት ራሷ መጥታ ተናገረች፤ ኮሙኑ በሳምንት ሁለት ቀን የትምህርት ቤቱን ጂም እንዲከፍት ጥያቄዋ ተጻፈ።

መብራቱ የካቲት መጨረሻ ላይ በራ። ጂሙ «እየታየ ነው» ተብሏል። በሩ ጋ ድንጋዩ አሁንም አለ፤ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ጋሼ ናቸው፤ የበሩ ቁልፍ ስለሚያስቸግራቸው። ቁልፉ እንዲቀየር አመልክተናል። ቀጣዩ ዙር ሚያዝያ ላይ ነው፤ እሳቸውም እመጣለሁ ብለዋል።